በክራኮቭ አደባባይ፣ ንጉሥ ፍለጋ

የፖላንዳዊውን ሠዓሊ የማቴይኮን ሥዕሎች ለማየት ፖላንድ፣ ክራኮቭ ከተማ የምትሄዱ ሰኞን አታስቡት፤ የብሔራዊ ሙዚየሙ አዳራሾች ዝግ ናቸው። እኔ ይህን ሳላጣራ እሑድ ማታ ገብቼ አንድ ቀን ከሰርሁ። ከባቡር ጣቢያው እስከ አደባባዩ ጥግ በእግር ሩብ ሰዓት ለማይፈጅ መንገድ ባለታክሲው 60 ዝሎቲ ተቀበለኝ። ያረፍሁበት ክፍል ደግሞ ከቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ግንብ ሥር ነበር። እዚያ ግንብ ላይ በየሰዓቱ መለከት ይነፋል፤ ሌሊትም አይቀርም፤ ያውም ለአራቱም አቅጣጫ፣ አራት ጊዜ። ዜማው መሃል ላይ ቁርጥ ይላል። የእኛ ማኅሌት ይረዝም ይሆናል እንጂ እንዲህ ሰውን አንጠልጥሎ አይተውም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ጭራሽ እንቅልፉን ትቼ ቀጣዩን መጠበቅ ጀመርሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ሱክየኒትሴ ገባሁ። በአደባባዩ መሃል ያለው የድሮ ጨርቅ ነጋዴዎች አዳራሽ ነው፤ ሥዕሎቹ ያሉት ፎቅ ላይ ነው። ትልልቅ ሥዕሎች ለኤግዚቢሽን ወይም ለጥገና ከቦታቸው ስለሚነሡ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል።

ያስመጣኝ "የፕሩሲያ እጅ መንሳት" ነው። ያን ማቴይኮ በ1882 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የጨረሰው፣ ቁመቱ 388፣ ወርዱ 785 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሸራ። ነገሩ የሆነው ኤፕሪል 10 ቀን 1525፣ እዚሁ ከመስኮቱ ውጭ በሚታየው አደባባይ ላይ ነው፤ ወለሉ ላይ ምልክት ተደርጎለታል። የቴውቶን ፈረሰኞች (የጀርመን መነኮሳት ተዋጊዎች ማኅበር) የመጨረሻው የፕሩሲያ አለቃ አልብሬሽት መነኩሴነቱን ትቶ መስፍን ሆኖ፣ በአጎቱ በፖላንድ ንጉሥ በዚግሙንት ቀዳማዊ ፊት ተንበርክኮ ገባር ሆነ። በያዘው ሰንደቅ ላይ ያለችውን ጥቁር ንስር ደረት ላይ ተመልከቱ፤ የዚግሙንት ስም መነሻ የሆነው ፊደል ተጽፎበታል።

ይህ ሲሣል ፖላንድ የምትባል አገር በካርታ ላይ አልነበረችም። ሩሲያ፣ ፕሩሲያና ኦስትሪያ በ1772፣ በ1793 እና በ1795 ተካፍለዋታል። ክራኮቭ የደረሰችው ለኦስትሪያ ነው፤ ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ እዚያ አንጻራዊ ነፃነት ስለነበረ ማቴይኮ በዋርሶ የማይሞከረውን መሣል ቻለ። ታዲያ ያንን ተንበርካኪ ያየ የዘመኑ ሰው የተንበረከከው ወገን አሁን በርሊን ላይ ተቀምጦ ከአገሩ አንዱን ክፍል እንደሚገዛ ያውቃል። ሥዕሉ የድል ቢመስልም መርዝ አለው። መርዙን የያዘው ደግሞ ከዙፋኑ ሥር የተቀመጠው የቤተ መንግሥቱ ቀልደኛ ስታንቺክ ነው፤ ሁሉ ሲደሰት እሱ ይተክዛል። ፊቱ የሠዓሊው የራሱ ፊት ነው። ንግሥት ቦናም የሚስቱን የቴዎዶራን መልክ ይዛለች።

ፊት ለፊት ስቆም ቫርኒሹ አብረቀረቀብኝ። አንዲት አሮጊት ጠባቂ ምንም ሳይናገሩ እጅጌዬን ይዘው ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ወሰዱኝ፤ ቀዩ ምንጣፍ ቁልጭ አለ። ቋንቋ ቢኖረኝ እመርቃቸው ነበር።

ፍሎሪያንስካ መንገድ ቁጥር 41 ያለውን የሠዓሊውን ቤት ደግሞ ከሥዕሉ በኋላ እዩት። ማቴይኮ ገና በ22 ዓመቱ፣ በ1860፣ ስለ ፖላንድ የጥንት አለባበስ ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳትሟል፤ ጦርና ጥሩርም ይሰበስብ ነበር። በ1869 በክራኮቭ በቫቬል ካቴድራል ጥገና ላይ የጥንቱ የፖላንድ ንጉሥ የታላቁ ካዚሚየሽ መቃብር በአጋጣሚ ሲከፈት አፅሙንና ዘውዱን ቀርቦ ሥሏል። በ1890 እና በ1892 መካከል 44 የፖላንድ ነገሥታትና መሳፍንት ምስሎችን በእርሳስ ሲሠራ ይህ ሁሉ ጠቀመው። ማኅተም፣ ሳንቲም፣ የመቃብር ሐውልት ያለውን ከዚያ ወሰደ፤ ለጥንቶቹ ግን መልክ ፈጠረላቸው። ብዙ ፖላንዳዊ የጥንቱ ገዥ "ሚየሽኮ" ሲባል በዓይነ ሕሊናው የሚመጣው ያው ማቴይኮ ያሰበው ሰውዬ ነው።

ወደ ዋርሶ በባቡር ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ነው፤ ተኝቼ አለፈ።

በዋርሶ ብሔራዊ ሙዚየም ያለው፣ ማቴይኮ በ1878 የጨረሰው "የግሩንቫልድ ጦርነት" ወርዱ 987፣ ቁመቱ 426 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ፖላንድና ሊትዌኒያ በ1410 የቴውቶን ፈረሰኞችን ያሸነፉበትን ውጊያ ያሳያል። በናዚ ወረራ ዘመን ጀርመኖች ሊያጠፉት ሲፈልጉት ተጠቅልሎ ሉብሊን አካባቢ ተቀበረ፤ እርጥበቱ ጎድቶታል። በመጀመሪያ ዓይኔን የሳበው ሰማዩ ነው፦ የፖላንድ ጠባቂ ቅዱስ ስታኒስዋፍ ከደመናው ላይ ተንበርክኮ ይጸልያል። የዐድዋን ሥዕል እያየ ላደገ ሰው ይህ ባዕድ አይደለም፤ ጊዮርጊስን በቦታው ተክቶ ያያል። ልዩነቱ ምድር ላይ ነው። በእኛ ሥዕል ዐፄ ምኒልክ ጃንጥላ ተይዞላቸው ከሩቅ ይለያሉ፤ እዚህ ግን መሃሉን የያዘው በቀይ ልብስ ሰይፉን ያነሣው የሊትዌኒያው መስፍን ቪቶልድ ነው። ከእሱ ግራ ነጭ የለበሰው የፈረሰኞቹ አለቃ ይሞታል። የፖላንዱን ንጉሥ ያግዬዎን እየፈለግሁ ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀሁ። መጀመሪያ ወደ ኋላ ራቁ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ከፍ ወዳለው ኮረብታ ተመልከቱ፤ በፈረስ ላይ፣ ትንሽ ሆኖ፣ እዚያ አለ።