ኦክስጅንን በሻማ ልለካ ብዬ ያፈርሁበት ቀን

የከባቢ አየርን ምዕራፍ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪዎች ሳስተምር ንብርብሮቹ አላስቸገሩኝም። አንድ ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሴንቲ ሜትር መጥኜ በክፍሉ ግድግዳ ላይ በጠመኔ አሰመርሁ፤ ራስ ዳሽን ከወለሉ 4.5 ሴንቲ ሜትር ላይ ቀረ፣ ስትራቶስፌር 50 ላይ፣ ሜሶስፌር 85 ላይ አበቃ፣ ቴርሞስፌር ጣሪያውን አልፎ ሄደ። ትሮፖስፌርን ብዙ መጻሕፍት 12 ኪሎ ሜትር ይሉታል፤ ይህ ግን አማካይ ስለሆነ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ የሆንን እኛ 16 ወይም 17 ላይ ብናሰምረው ይሻላል።

ጣጣው የመጣው ከጋዞቹ ነው። ደረቅ አየር 78 በመቶ ናይትሮጅን፣ 21 በመቶ ኦክስጅን፣ 0.9 በመቶ ገደማ አርገን፣ 0.04 በመቶ ገደማ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መሆኑን ከማስሸምደድ በዓይናቸው ላሳያቸው ብዬ፣ የመምህሩ መምሪያ መጽሐፍ ያዘዘውን ሰርቶ ማሳያ መረጥሁ። ውሃ ባለበት ሳህን ላይ የሚነድ ሻማ ይቆምና ብርጭቆ ይደፋበታል፤ ሻማው ኦክስጅኑን ሲጨርስ ውሃው የብርጭቆውን አንድ አምስተኛ ይሞላል ይላል። ማታ ቤቴ ሳልሞክረው ሱፐርቫይዘር በተገኘበት ክፍለ ጊዜ ይዤው ገባሁ፤ ለዚህ ከራሴ በቀር የምወቅሰው የለም።

በአንድ ሻማ ውሃው አንድ አሥረኛ እንኳ አልሞላም። ደንግጬ ሦስት ሻማ አቆምሁ፤ አሁን ደግሞ ከሲሶ አለፈ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ቲቸር፣ ሻማ ሲበዛ ኦክስጅን ይበዛል እንዴ? ደግሞስ ውሃው የወጣው ሻማው ከጠፋ በኋላ አይደለም?» አለኝ። ሁለቱም ጥያቄዎች ትክክል ነበሩ። እኔ ግን «ዝም ብለህ ጻፍ» አልሁት።

ሱፐርቫይዘሩ ከክፍል ስንወጣ፣ «መምህር፣ እዚህ ደጋ ስለሆነ ኦክስጅኑ አንሶ ነው፤ 21 ብለው ያስጽፏቸው» አሉኝ፤ በቅጹም ላይ «የዝግጅት ጉድለት» ብለው ሞሉ። ቅጹ እውነት ነው፤ ምክሩ ግን እስከ ዛሬ ያናድደኛል። የማስተምርባት ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ አካባቢ ነው፤ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን የሚያንሰውም አየሩ በጠቅላላ ስለሚሳሳ ነው። የኦክስጅኑ ድርሻ ግን ራስ ዳሽን ጫፍ ላይም፣ ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎም ያው 21 በመቶ ነው።

የሻማው ምስጢር ሙቀት ነው። ብርጭቆው ሲደፋ በነበልባሉ የሞቀው አየር ተለጥጦ ከፊሉ ያመልጣል፤ ሻማው ሲጠፋ የቀረው ቀዝቅዞ ይኮማተርና ውሃው ይገባል፤ ሻማ ሲበዛ ሙቀቱም ይበዛል። ከዚህም በላይ ሻማ ኦክስጅኑን አይጨርስም፣ ድርሻው ወደ 16 በመቶ ሲወርድ ይጠፋልና። ስለዚህ መምሪያው የፈለገውን ቢል፣ ሻማ እሳት አየር እንደሚፈልግ ያሳያችሁበት እንጂ አትለኩበት።

ለመለካት የሚሠራው ዝገት ነው፤ ብረት ሲዝግ ከአየሩ ኦክስጅኑን ይወስዳልና። ለድስት መፈተጊያ ከሚሸጠው ቀጭን የብረት ሽቦ የሚዝገውን ግዙ፤ እኔ መጀመሪያ የማይዝገውን ገዝቼ አራት ቀን በከንቱ ጠብቄአለሁ። ቅባቱ እንዲለቅ በኮምጣጤ እጠቡት፣ በጠባብና ቀጥ ባለ ብርጭቆ ቂጥ ላይ ወትፉት፣ ከዚያም ብርጭቆውን ውሃ ባለበት ሳህን ላይ ድፉትና ሁለት ሦስት ቀን ተዉት። የጠዋት ብርድ አየሩን ስለሚያኮማትረው፣ የውሃውን ከፍታ ሙከራውን በጀመራችሁበት በዚያው የቀኑ ሰዓት ለኩ። በ15 ሴንቲ ሜትር ብርጭቆ ውሃው 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ወጣልኝ።

በዓመቱ ያን ልጅ ጠርቼ ብርጭቆውን አሳየሁትና ጥያቄው ትክክል እንደነበረ ነገርሁት። እሱ ግን መጠየቁንም አላስታወሰም።