አሳዳጊ ያጡ ውሾች

አዲስ አበባ ውስጥ ባለቤት አልባ ውሾች በሚጠለሉበት ግቢ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ፣ እጅግ የሚያደክመኝ ቁስል ማጠቡ ሳይሆን በካርቶን ተደርገው ደጃፋችን ላይ የሚጣሉት ቡችሎች አለማለቃቸው ነው። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀናት ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሳናመክናት ያለፍናት አንዲት ውሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ልትወልድ ትችላለች። ሊወስዱ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚጠይቁት «የፈረንጅ ዘር አለ?» ብለው ነው፤ የሀበሻ ውሻ፣ በተለይ ሴት ከሆነች፣ ፈላጊ የላትም።

የዓለም ጤና ድርጅት የእብድ ውሻ በሽታን ለመግታት ከውሾች 70 በመቶው እንዲከተቡ ይመክራል። በሰፈሬ ግን በሽታው ሲፈራ ከክትባቱ የሚቀድመው መርዝ ነው፤ ባለፈው ወር እኛው ከትበንና አምክነን፣ ጆሮዋ ላይ ምልክት አድርገን የለቀቅናትን ውሻ መንገድ ዳር ሞታ አገኘኋት።