ወፍራም ዘይት ሞተር አያድስም

«20-50 አስገባበት፣ ወፍራም ስለሆነ ሞተሩን ይይዝልሃል» የሚለው የሞተር ዘይት ምክር አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ጋራዥ ይሰማል። 20-50 ጄሪካኑ ላይ 20ደብሊው-50 ተብሎ የሚጻፈው ነው። ምክሩ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በካርቡሬተር (ቤንዚንን ከአየር በሚደባልቀው የድሮ መሣሪያ) ለሚሠሩት ለእነ ቮልስና ለእነ ዲኤክስ (ለድሮው ኮሮላ) ትክክል ነበር፤ ዛሬም ትክክል ነው። ችግሩ ያንኑ ምክር ይዘን ቪትዝና ኮሮላ ላይ ስንመጣ ነው።

በጄሪካኑ ላይ ካለው ቁጥር እንነሳ። 5ደብሊው-30 ከሚለው ውስጥ ከደብሊው በፊት ያለው ዘይቱ በብርድ እንዴት እንደሚፈስ ይናገራል። 5ደብሊው ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ላይ፣ 15ደብሊው ከዜሮ በታች 20 ላይ፣ 20ደብሊው ደግሞ ከዜሮ በታች 15 ላይ ተፈትነው ያለፉ ናቸው። የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢከፋም እዚያ አይደርስም። ስለዚህ 5ደብሊው-30 ጠፍቶ 10ደብሊው-30 ቢገኝ ብዙ አያስጨንቅም፤ ለኛ አየር ሁለቱም ይሆናሉ።

ዋናው ልዩነት ያለው ከሰረዙ በኋላ ባለው ቁጥር ላይ ነው። ይህ ቁጥር ሞተሩ ሞቆ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሲደርስ የሚኖረውን ውፍረት ያሳያል። 30 ማለት ከ9.3 እስከ 12.5 ሴንቲስቶክ (የውፍረት መለኪያ)፣ 40 ማለት ከ12.5 እስከ 16.3፣ 50 ማለት ከ16.3 እስከ 21.9 ነው። 50 ቁጥር በሞቀ ሞተር ውስጥም ከ30 ቁጥር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ውፍረት አለው ማለት ነው። ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሲሆን ልዩነቱ ከዚህም ይሰፋል።

ያሪስ ላይ፣ በብዙ ቪትዝና በ1.5 ሊትር ኮሮላዎች ላይ የምናገኘውን 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር እንውሰድ። ቪቪቲ-አይ የሚባለው የቫልቭ ጊዜ መቀየሪያው የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ወደዚያ የሚሄደው በጠባብ መንገድ ሲሆን መግቢያው ላይ ደቃቅ ወንፊት ተቀምጧል። ዘይቱ ከወፈረ መቀየሪያው ዘግይቶ ይታዘዛል። ዘይቱ ዝቃጭ ከሠራ ደግሞ ወንፊቱ ይደፈናል፤ ዳሽቦርዱ ላይ የሞተር መብራት ይበራል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይሰንፋል፣ ቤንዚንም ይጨምራል። ብዙ ሰው ይህ ሲመጣ ካንዴላና ሴንሰር ያስቀይራል እንጂ ዘይቱን አይጠረጥርም። ሌላው ጉዳት የጠዋቱ ነው። ሞተር ከሚያልቅባቸው ጊዜያት አንዱ ከተነሳ በኋላ ያሉት የመጀመሪያ ሰከንዶች፣ ዘይቱ ላይኛው ክፍል ሳይደርስ ያለው ጊዜ ነው። ወፍራሙ የሚደርሰው ዘግይቶ ነው።

ሳይጋነን ይነገር፦ ቶዮታ ለሞቃት አገሮች ባዘጋጃቸው አንዳንድ መመሪያዎች ውስጥ 15ደብሊው-40 እና 20ደብሊው-50 በሰንጠረዡ ገብተዋል። 20-50 አንዴ ገባ ተብሎ ሞተር አይሞትም። ነገር ግን ደኅና ለሆነ 1ኤንዜድ የሚጨምርለት ነገር የለም። ከውፍረቱ ይልቅ ሞተሩን የሚጎዳው ማንም የማያየው የደረጃ ፊደሉ ነው።

ጄሪካኑ ጀርባ ላይ «ኤፒአይ» (የዘይት ደረጃ የሚያወጣው የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም) ከሚለው ቀጥሎ ሁለት ፊደል አለ። በኤስ ከጀመረ ለቤንዚን፣ በሲ ከጀመረ ለናፍጣ ነው። ሁለተኛው ፊደል ወደፊት በሄደ ቁጥር ደረጃው አዲስ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ኤስኤል የ2001፣ ኤስኤም የ2004፣ ኤስኤን የ2010፣ ኤስፒ የ2020 ደረጃ ነው። አዲሱ የድሮውን ይተካል፤ የ2005 መኪና ውስጥ ኤስፒ ማስገባት ምንም ጉዳት የለውም። የማይሆነው ግልባጩ ነው። ዋጋቸው ቀነስ ካሉት ጄሪካኖች ላይ ኤስኤፍ ወይም ኤስጂ የሚል ይገኛል። ኤስኤፍ እስከ 1988፣ ኤስጂ እስከ 1993 ለተሠሩ ሞተሮች የወጣ ነው። ሙቀትን ተቋቁሞ ዝቃጭ የመከላከል አቅሙ ለዛሬ ሞተር አይበቃም። የታዋቂ ድርጅት ስም ያለበት ኤስኤፍ እና እምብዛም የማይታወቅ ግን እውነተኛ ኤስኤን ቢቀርብልን፣ ያለማመንታት ኤስኤኑ ይገዛ።

ፉል ሲንተቲክ (በፋብሪካ የተቀመረ) ወይስ ሚነራል (ከድፍድፍ ነዳጅ የተጣራ)? በ5,000 ኪሎ ሜትር ለሚቀየር ደኅና ሞተር፣ ኤስኤን ወይም ኤስፒ የሆነ ሚነራል 10ደብሊው-30 በቂ ነው። ሲንተቲክ ለተርቦ ሞተርና ለረጅም ጉዞ ገንዘቡ ይገባዋል። ሁለቱ መንገድ ላይ ቢደባለቁ ግን ጉዳት የለውም፤ ዘይት ጎድሎ ከመንዳት ያገኙትን መጨመር ይሻላል።

ወፍራም ዘይት ቦታ አለው። ቮልስ በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ነው፤ ውሃ ስለሌለው ከሙቀቱ ቀላል የማይባለውን የሚሸከመው ያው 2.5 ሊትር ዘይት ነው። ፊልትሮ የለውም፣ ከሥሩ ያለው ወንፊት ብቻ ነው ያለው፤ ዘይት በተቀየረ ቁጥር ያም ወንፊት ወጥቶ ይታጠብ። ካምሻፍቱ ቫልቭ ገፊውን ፊት ለፊት እየፈተገ የሚሠራ በመሆኑ ዚንክና ፎስፈረስ ያለው ዘይት ይፈልጋል። አዲሶቹ ደረጃዎች በ30 ቁጥርና ከዚያ በታች ባሉት ላይ ፎስፈረሱን ከ0.08 በመቶ እንዳያልፍ ገድበውታል፤ 20-50 ላይ ግን ገደቡ አይሠራም። ቮልስ ያለው ሰው 20-50 የሚመርጠው በልማድ ብቻ አይደለም፣ ትክክል ነው። ዲኤክስም እንዲሁ። ካርቡሬተር ያለው መኪና አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳበት ቤንዚን ያበዛል፤ የተረፈው ቤንዚን በፋሻው (ፒስተኑን በሚከበው ቀለበት) በኩል ወርዶ ዘይቱን ያቀጥናል። መለኪያውን ዘንግ አውጥተው ሲያሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ ካርቡሬተሩ ይስተካከል፤ ዘይቱም ኪሎ ሜትሩን ሳይጠብቅ ይቀየር።

ሞቃት ቦታ ለሚውል፣ ለአፋር፣ ለድሬዳዋ፣ ለጋምቤላ፣ ወደ 40 ቁጥር ከፍ ማለት ምክንያት አለው። ሙሉ ጭኖ ጎሃ ጽዮንና ደጀን መካከል የዓባይን በረሃ አዘውትሮ ለሚወጣም እንዲሁ ነው፤ ከታች ሙቀቱ፣ ከዚያ የረጅሙ ዳገት ጫና አለ። 5ደብሊው-40 ወይም 10ደብሊው-40 ይበቃል፤ 50 መሄድ አያስፈልግም።

ዘይት ስለሚበላ ሞተርም እንናገር። በፈረንጆቹ 2000 አካባቢ የተሠሩት ኮሮላዎች ላይ ያለው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ በዚህ ይታወቃል። ፒስተኑ ላይ ዘይት መመለሻ ቀዳዳዎቹ ጠባብ ስለሆኑ በካርቦን ይደፈናሉ፤ ዘይት ጠራጊው ፋሻ ይጣበቅና ዘይቱ ተቃጥሎ በጭስ ይወጣል። ወፍራም ዘይት ጭሱን ለጥቂት ጊዜ ይቀንሰዋል፣ ካርቦኑን ግን አያነሳውም። የቶዮታ መመሪያ የሚፈቅደው ጣሪያ በ1,000 ኪሎ ሜትር 1 ሊትር ነው። ከዚያ በታች ከሆነ 40 ቁጥር አስገብቶ በየሳምንቱ እያዩ መሙላት ያኗኑራል። ካለፈ ፒስተንና ፋሻ ነው መፍትሔው። መኪና ሊሸጥ ሲል 20-50 የሚሞላበት ምክንያትም ይኸው ነው፤ ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩ ሌሊቱን ቀዝቅዞ ባደረበት ጠዋት ራሱ ያስነሳው፣ የጭሱንም ቀለም ይመልከት። ሰማያዊ ጭስ ዘይት ነው።

ለናፍጣ ሲአይ-4 እና ሲኬ-4ን እናገኛለን። ሲአይ-4 ሰልፈሩ እስከ 0.5 በመቶ ለሚደርስ ናፍጣ፣ ሲኬ-4 እስከ 0.05 በመቶ ለሚደርስ ታስቦ ነው የወጣው። ሰልፈር ሲቃጠል አሲድ ይፈጥራል፤ ያንን የሚያረክሰው ዘይቱ ውስጥ ያለው ተጨማሪ ነገር ነው። ስለዚህ የናፍጣው ሰልፈር ሊበዛ በሚችልበት ለድሮ ሃይሉክስና ላንድክሩዘር 15ደብሊው-40 ሲአይ-4 ምቹ ነው። ጭስ ማጣሪያ ላላቸው ከአውሮፓ ለሚመጡት ግን ይህ ዘይት ያ ተጨማሪ ነገር ሲቃጠል በሚተወው አመድ ማጣሪያውን ይደፍነዋል፤ ለነሱ በመመሪያቸው ላይ ያለው የኤሲኢኤ (የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር) ሲ ደረጃ ብቻ ይግባ።

መጠኑ ከምርጫው እኩል ይታሰብ። 1ኤንዜድ ፊልትሮ ሲቀየር 3.7 ሊትር፣ ሳይቀየር 3.4 ሊትር ይይዛል። ጄሪካኑ ግን 4 ሊትር ነው፤ «ይተርፋል» ተብሎ ሙሉው ይገለበጣል። ፊልትሮ ካልተቀየረ 0.6 ሊትር ትርፍ ገባ ማለት ነው። ዘይቱ ሲበዛ ክራንክሻፍቱ ይደርስበትና እየመታ አረፋ ያደርገዋል፤ በአረፋ ግፊት አይሠራም፣ ዘይት ማገጃ ጎማዎቹም ማንጠብጠብ ይጀምራሉ። ቅያሪው እንዲህ ነው፦ ሞተሩን ለ5 ደቂቃ አሙቆ ማጥፋት፣ ሜዳ ላይ አቁሞ በ14 ቁልፍ ማፍሰሻውን መፍታት፣ ጠብታው እስኪቆም መታገስ። የብሎኑ ሮንዴላ አዲስ ይሁን። የፊልትሮው ጎማ በዘይት ይቀባ፤ ጎማው ከነካ በኋላ በእጅ ሦስት አራተኛ ዙር ማጥበቅ በቂ ነው፣ በቁልፍ መጨርገድ አያስፈልግም። 3.4 ሊትር ሞልቶ ለ1 ደቂቃ ማስነሳት፣ አጥፍቶ 5 ደቂቃ መጠበቅና በዘንጉ እያዩ ማሟላት። የተረፈው ለመሙያ ይቀመጥ።

አዲስ አበባ ውስጥ ለሚውል መኪና የዘይት መቀየሪያው 5,000 ኪሎ ሜትር ወይም ስድስት ወር፣ የቀደመው ነው። ትራፊክ ውስጥ የቆመ ሞተር ኪሎ ሜትር ሳይቆጥር ዘይት ያደክማል፤ አቧራም አለ። ዘይቱ መጥቆሩ ብቻውን ምልክት አይደለም፣ ቆሻሻውን ይዞ መጥቆር ሥራው ነው። በክረምት አጭር አጭር መንገድ የሚሄድ መኪና መሙያ ክዳኑ ሥር ነጭ ቅባት ቢያሳይ ብዙ ጊዜ የእርጥበት ላቦት ነው። ዘንጉ ላይ ያለው ዘይት ወተት ከመሰለ ግን የቴስታታ ጓርኒሲዮን (የሞተሩን ራስ ከታችኛው ክፍል ጋር የሚያሽገው) ይጠርጠር፤ መኪናው እስኪታይ አይነዳ።

በመጨረሻ ሐሰተኛ ዘይት አለ። የክዳኑ ቀለበት የተቆረጠ፣ ከአፉ ላይ ማሸጊያው የተነሳ ወይም የምርት ቁጥሩ የተፋቀ ጄሪካን አይገዛ። ቅያሪው ፊታችን ይከናወን፤ ጄሪካኑም ፊታችን ይከፈት። ባዶውን ወደ ቁራሌው ከመሄዱ በፊት በሚስማር መብሳት ነው፤ የተበሳ ጄሪካን ተመልሶ አይሞላም።