ሰንሩፍና አሸንዳ፦ የአንድ ክረምት የውሃ ፍለጋ ማስታወሻ

ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ጋቢና የተቀመጠችው እናቴ ድንገት እግሯን ሰብሰብ አድርጋ «አንተ፣ መኪናህ ሸናብኝ እኮ!» አለችኝ። ሳቅን። ቤት ደርሰን ምንጣፉን ሳነሳው ግን ሳቄ ቆመ። ከሥር ያለውን ሞኬት በመዳፌ ስጫነው በጣቶቼ መሀል ውሃ ወጣ።

መኪናዋ የ2003 ሞዴል ራቭ ፎር ናት፣ ባለ ሰንሩፍ፤ ጣሪያዋ ላይ የሚከፈት መስታወት አላት። ስገዛት ሰንሩፉን እንደ ጌጥ ነው የቆጠርኩት፤ በሦስት ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ከፍቼው ከሆነ በዛ። መካኒክ አይደለሁም፣ ቀን ቀን የምውለው ሒሳብ ክፍል ነው። ቅዳሜ ግን ካቻቪቴ ይዤ መኪናዋ ሥር ካልገባሁ ቀኑ ቀን አይመስለኝም። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ አሮጌዋን ማስታመም ከትርፍ ጊዜ ጨዋታነት አልፏል። ይህን የምጽፈው እንደኔ አሮጌ መኪና ይዛችሁ ክረምቱን ከእርጥብ ሞኬት ጋር ለምትታገሉ ነው። የሠራሁትን ስህተትም አልደብቅም፤ ከተሳካልኝ ይልቅ የሚጠቅማችሁ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ አምስት ደቂቃ እንኳን አላየልኝም። «የሰንሩፉ ዙሪያ ጎማ አርጅቷል፣ በሲልኮን ድፈነው» ተባልኩ። እኔም ደፈንኩት፤ ያውም እጥፍ አድርጌ። በሳምንቱ አንድ ከባድ ዝናብ ጣለ፤ ጠዋት ስወርድ ሞኬቱ ያው ነው፣ መስታወቶቹ ሁሉ ከውስጥ ላብ ዘፍቋቸዋል፣ መኪናው ውስጥ እንደ ታጠበ ውሻ ይሸታል። በላዩ ላይ ሰንሩፉ ተጣብቆ አልከፈት አለ። ያንን ሲልኮን በድሮ ኤቲኤም ካርድ እየፋቅኩ ለማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ቀለሙን ላለመቧጨር ብረት አልነካሁም።

ሲልኮኑን ጨርሼ ስከፍተው ነው ነገሩ የገባኝ። በመስታወቱ ዙሪያ፣ ከጎማው ሥር፣ አራቱን ማዕዘን የሚዞር ቦይ አለ። የሰንሩፍ ጎማ ውሃን ሙሉ በሙሉ እንዲያግድ አልተሠራም። ብዙውን ይመልሳል፣ ጥቂቱን ግን ያሳልፋል፤ ያለፈውን ቦዩ ይቀበለዋል። በአራቱ ማዕዘን ላይ አራት ቀዳዳ አለ፣ ከየቀዳዳው ሥር አንድ ቀጭን ቱቦ ጣሪያውን በተሸከመው የመኪናው ምሰሶ ውስጥ ወርዶ ውሃውን ውጭ ይደፋዋል። ይኸው ነው። ቤታችን ላይ ያለው አሸንዳ ማለት ነው። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃ በኮርኒስ ሲንጠባጠብ ቆርቆሮውን በሲልኮን የሚደፍን ሰው አይተን ብንሆን እንስቅበት ነበር። እኔ ግን ያደረግኩት ልክ እሱን ነው።

የኔን አሸንዳ ምን እንደደፈነው ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለገኝም። የምኖረው ሽሮ ሜዳ ነው፣ መኪናዋን የማቆመው ጽድ ሥር። የጽድ ቅጠል ደርቆ ሲረግፍ እንደ ትንባሆ ደቃቅ ነው፤ በጎማው ሥር ሾልኮ ቦዩ ውስጥ ይተኛል። የበጋውንና የመንገድ ቁፋሮውን አቧራ ጨምሩበት። መጀመሪያ ዝናብ ሲነካው ይቦካል፣ በፀሐይ ይደርቃል፣ በሚቀጥለው ዝናብ ሌላ ንጣፍ ይጨመርበታል። ከፊት ቀኝ ቀዳዳ ላይ በጥርስ መፋቂያ ያወጣሁት ነገር የኮምፖርሳቶ ቁራጭ ይመስል ነበር።

ያም ሆኖ፣ አንዴ በሲልኮን ስለተሸወድኩ በዚህኛው ጊዜ ቸኩዬ መፍረድ አልፈለግኩም። እግር ሥር ያለ ውሃ ሁሉ ከጣሪያ አይመጣም። ከማሞቂያው የሚያፈስ የራዲያተር ውሃ ቢሆን ጣቴ ላይ ቅባት ቅባት ይለኝ፣ ጣፈጥ ያለ ሽታም ይኖረው ነበር፤ የኔ ንጹሕ የዝናብ ውሃ ነው። ኤሲ ሲሠራ የሚጠራቀመው ውሃ መውጫው ተደፍኖ ወደ ውስጥ ሊፈስ ይችላል፤ እኔ ግን በአዲስ አበባ ክረምት ኤሲ ከፍቼ አላውቅም። የበሩ ውስጥ ላስቲክ መቀደድም አንዱ ተጠርጣሪ ነው፤ እሱ ግን የሚያረጥበው ከበሩ ደፍ አካባቢ ጀምሮ ነው።

ከሁሉም በላይ የጠቆመኝ ነገር ደግሞ የግቢያችን ቁልቁለት ነው። ቤት ስታድር አፍንጫዋ ወደ ታች ተደፍቶ ነው የምትቆመው፣ መሥሪያ ቤት ስትውል ግን ሜዳ ላይ ናት። ማስታወሻ መያዝ ስጀምር ቀን መሥሪያ ቤት የዘነበባት ዝናብ ምንም አላመጣም፤ ማታ ቤት የዘነበው ሁልጊዜ ያረጥባል። ውሃው ወደ ተደፋችበት ወደ ፊት ማዕዘን እየሄደ ነው ማለት ነው። እናንተም ከመፍታታችሁ በፊት መኪናችሁ በየትኛው በኩል ተደፍታ እንደምታድር እዩ። ብዙ ድካም ይቀንስላችኋል።

ሐምሌ 5 ቀን፣ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሲከፈት፣ የእናቴን ማንቆርቆሪያ ተውሼ ሙከራ ጀመርኩ። ሕጉ ከታች ወደ ላይ ነው። መጀመሪያ በሩ ላይ፣ ቀጥሎ የፊት መስታወቱ ሥር፣ በመጨረሻ ጣሪያው። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወርዶ ሁሉንም ስለሚነካ የቱ እንዳፈሰሰ አታውቁም። በየምሰሶው ሥር ደረቅ ሶፍት ወትፌ ነበር። በሩም መስታወቱም ንጹሕ ሆኑ። ከዚያ ሰንሩፉን ከፍቼ በየማዕዘኑ ግማሽ ግማሽ ሊትር ቀስ አድርጌ አፈሰስኩ፤ በላስቲክ ቱቦ ከቧንቧ ብትለቁት ቦዩ ሞልቶ ጤነኛውም ያፈሳል። የፊት ግራው በ20 ሴኮንድ ገደማ ጠጣው፣ በበሩ ማጠፊያ አጠገብ መሬት ላይ ሲወርድ ታየኝ። የኋላዎቹ ዘገዩ እንጂ አሳለፉ። የፊት ቀኙ ላይ ውሃው እንደ ሲኒ ቡና ቁጭ አለ። ደቂቃ ጠበቅኩ፣ ንቅንቅ የለም።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተት ሠራሁ። «ንፋስ ብሰጠው ይከፈታል» ብዬ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ጋ ወሰድኳት። ኮምፕሬሰሩ ትራክ ጎማ የሚሞላ ነው። ቀዳዳው ላይ ደግኖ አንዴ ሲለቀው «ፏ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ውሃ ሳፈስበትም ወዲያው ጠጣው። ደስ ብሎኝ 50 ብር ጉርሻ ሁሉ ሰጠሁት። ማታ ዘነበ። ጠዋት ሞኬቱ ብቻ ሳይሆን የጣሪያው ጨርቅ ጫፍና ምሰሶው ጭምር ረጥበው አገኘኋቸው። ንፋሱ ድፍኑን አልከፈተውም፤ ቱቦውን ከላይ ከተሰካበት ነቅሎ ጣለው። ለዚህ ነው ውሃው «የጠጣው»፤ ቀጥታ ምሰሶው ውስጥ ነበር የሚፈሰው። ስለዚህ ውሃው ከቀዳዳው መጥፋቱ ብቻ ምንም ማለት አይደለም፤ ከታች በኩል ሲወጣ በዓይናችሁ ካላያችሁ ተከፍቷል አትበሉ።

የምሰሶውን ሽፋን መፍታት ፈርቼ ነበር። ፕላስቲኩን የያዙት ሦስት ክሊፖች ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በኋላ ክሊፕ እንደ ደረቅ ቂጣ ነው፣ ሁለቱን ሰበርኳቸው። ከመንካታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር፦ አንዳንድ መኪኖች በጣሪያው ጠርዝ በኩል የተጠቀለለ ኤርባግ አላቸው። ምሰሶው ላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ ካያችሁ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትታችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ፣ ገመዱንም አትጎትቱ። እርግጠኛ ካልሆናችሁ ይህን ክፍል ለሚያውቅ ሰው ተዉት። የኔ የላትም፤ ባትሪውን ግን ፈታሁት።

የጣሪያውን ጨርቅ ጥግ ሳላጥፍ ትንሽ ወደ ታች አጎንብሼ በስልኬ መብራት ሳይ ቱቦው ከቦዩ አፍ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል። ሳወጣው ጫፉ ተሰነጣጥቋል፣ ሲያጥፉት እንደ ማካሮኒ ይሰበራል። እንዲህ ያለውን መልሶ መሰካት ትርፉ ለሁለተኛ ጊዜ መፍታት ነው።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ስለ ሰንሩፍ ቱቦ ስጠይቅ ሰዎቹ የሚያዩኝ ዓይን ለራሱ ታሪክ ነው። አንዱ «ሙሉ ጣሪያ ቆርጬ ልሸጥልህ እችላለሁ፣ ቱቦ ግን...» አለኝ። አንድ ወዳጄ የጉሉኮስ ቱቦ ብሎኝ ሞክሬው ነበር፤ ቀጭን ነው፣ አፉ ላይም አይገባም። መልሱን ያገኘሁት እዚያው ሰፈሬ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ውስጥ ነው፦ ግንበኞች የውሃ ልክ የሚለኩበት ግልጽ ቱቦ። የቦዩን አፍ ብለካው 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ውስጡ 8 የሆነውን መርጬ ሁለት ሜትር ገዛሁ። ጫፉን ፈላ ባለ ውሃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ነክሬ ስገፋው ተለጥጦ ገባ፣ ሲቀዘቅዝ ጨብጦ ያዘ። በላዩ ትንሽ ፋሼታ አሰርኩበት፤ አፉ አሮጌ ፕላስቲክ ስለሆነ አጥብቄ አላሰርኩም። ደካማ ጎኑ ጠንከር ያለ መታጠፊያ ላይ መጨማደዱ ነው፣ ስለዚህ ምሰሶው ውስጥ ሳወርደው አቅጣጫውን የድሮውን መስመር አስያዝኩት። ለማውረድ አሮጌውን ሳልጎትት በፊት ታችኛው ጫፍ ላይ ሲባጎ አስሬ ስለነበር፣ አዲሱን በዚያው ሲባጎ ሳብኩት። ይህቺን ዘዴ የነገረኝ ኤሌክትሪክ ሠሪው ጎረቤቴ ነው። ሽቦ በግድግዳ ቱቦ ውስጥ የሚያሳልፉት እንዲሁ ነው አለኝ።

ድፍኑስ? ድፍኑ ከታች ነበር። በበሩ ማጠፊያ አጠገብ የቱቦው መጨረሻ ላይ አፉ እንደ ዳክዬ የተገጠመ ጎማ አለ፤ ውሃ ሲመጣ ይከፈታል፣ ከውጭ አቧራና ተባይ እንዳይገባ ይዘጋል። እሱ በጭቃ ተጣብቋል። ብዙ ሰው ቆርጦ ይጥለዋል። እኔ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ መልሼዋለሁ፤ በኛ አቧራ ክፍት ቱቦ ዓመት የሚቆይ አይመስለኝም።

የኋላዎቹን ለመጥረግ ሽቦ አልተጠቀምኩም፣ የፍሬን ካቦም አልነካሁም፤ ያረጀ ቱቦ በቀላሉ ይበሳል። የሣር ማጨጃ ማሽን ክር ነው የተጠቀምኩት። ጫፉን በላይተር አሞቅኩና ድቡልቡል አደረግኩት፣ ከዚያ እያሽከረከርኩ ቀስ ብዬ ገፋሁት። ሲያቆም መልሶ መሳብ፣ ውሃ ማፍሰስ፣ እንደገና። የኋላ ቀኙ ከኋላ ፓራውልት ጀርባ ጥቁር ጭቃ አወረደ፤ አሁን በ25 ሴኮንድ ያሳልፋል። የኋላ ግራው አሁንም 50 አካባቢ ይፈጃል። ጥቅምት ላይ እመለስበታለሁ።

ማድረቁ ከጥገናው በላይ አሰለቸኝ። ሞኬቱ ሥር እንደ ፍራሽ የወፈረ ስፖንጅ አለ፤ ላዩ ቢደርቅም እሱ ሳምንታት ውሃ ይዞ ይቆያል፣ ከሥሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሶኬቶች አሉ። ወንበሩን ፈትቼ ሞኬቱን በእንጨት ደግፌ አነሳሁት፣ ውሃውን በፎጣ መጠጥኩ፣ የፀጉር ማድረቂያ ለቀቅኩበት። ነሐሴ ደግሞ ፀሐይ በብድር ነው የሚሰጠው፤ አሥራ አንድ ቀን ፈጀ። አንድ ዘመዴ ከሰል አቀጣጥለህ ውስጥ አስቀምጥ፣ በሩን ዝጋው አለኝ። በፍጹም እንዳታደርጉት፤ የከሰል ጭስ በተዘጋ መኪና ውስጥ ሰው ይገድላል፣ እሳቱንም የሚጠብቀው የለም። ያልተቀጣጠለ ከሰል በከረጢት አድርጌ ወንበር ሥር አኖርኩ፣ ሽታው በዚያ ቀነሰ።

ጳጉሜ 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዕለት፣ እንደተጠበቀው ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። የሰፈሩ ልጆች በቁምጣ ወጥተው ዝናቡን ይታጠባሉ፣ እኔ መኪናዋን ቁልቁል አቁሜ አዲስ ሶፍት በየምሰሶው ሥር ሰክቼ በረንዳ ላይ እጠብቃለሁ። በበሩ ማጠፊያ ሥር ውሃ እንደ ቀጭን ክር ሲወርድ ከበረንዳው ይታየኛል። ዝናቡ ሲያባራ ወርጄ ሶፍቶቹን አወጣሁ፣ አራቱም ደረቅ ናቸው። እናቴ ግን በሶፍት አላመነችም። ጋቢናውን ከፍታ ምንጣፉን አነሳች፣ መዳፏን ሞኬቱ ላይ አሳርፋ ተጫነች፣ መዳፏን ገልብጣ አየች፣ ከዚያ ለማረጋገጥ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ጠረገችው።

«ደህና፣ እሑድ አንተ ታደርሰኛለህ» አለችኝ።