ይዘቱ 1 ሲሆን የማይታየው ስህተት

አንድ የምርምር ቡድን በሳይቶፕላዝም ውስጥ ያለ ፕሮቲን ፎስፌቱን አጥቶ ሥራ እንዴት እንደሚያቆም የሚያሳይ ሞዴል በኤስቢኤምኤል (የባዮሎጂ ሞዴሎችን ከሶፍትዌር ወደ ሶፍትዌር ለማዛወር በሚያገለግል የፋይል ቋንቋ) ጽፎ ለሌላ ቡድን ላከ። የክፍሉ (የሳይቶፕላዝሙ) ይዘት፣ ማለትም የሚይዘው ቦታ፣ 1 ፒኮሊትር፣ የፍጥነት ቋሚው በደቂቃ 0.2 ነበር። ተቀባዮቹ ሲያስኬዱት ፎስፌት ያለው ፕሮቲን ክምችት (በይዘት አሃድ ያለው ብዛት) በ3.5 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ቀነሰ፤ ከላኪዎቹ ግራፍ ጋር ገጠመ። የእነሱ ሕዋስ ተለቅ ስለሚል ይዘቱን 2 አደረጉት። ጊዜው ወደ 6.9 ደቂቃ አደገ። «ትልልቅ ሕዋሳት ምልክቱን ዘግይተው ያጠፋሉ» የሚል ግኝትም በጽሑፍ ረቂቁ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ስህተት ባዮሎጂ መስሎ ስለሚቀርብ በጣም አደገኛ ነው።

አንዲት ባልደረባ ግን ጠየቀች፦ ሞዴሉ ውስጥ ይዘት ፍጥነቱን የሚነካበት ምክንያት የት አለ? ፋይሉ በጽሑፍ ማረሚያ ሲከፈት የፍጥነት ቀመሩ ቋሚው ሲባዛ በክምችቱ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኤስቢኤምኤል ግን የሚጠብቀው በጊዜ የሚለወጠውን የሞል ብዛት ነው፤ ሶፍትዌሩ ያንን በክፍሉ ይዘት አካፍሎ ክምችቱን ያወጣል። ስለዚህ ቀመሩ በይዘቱም መባዛት ነበረበት። ይዘቱ 1 ሲሆን ቢባዛም ባይባዛም ውጤቱ ያው ነው። 2 ሲሆን ግን ማካፈሉ ብቻ ይቀርና ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። ደንቡ እንዲህ የሆነው ፕሮቲን ከሳይቶፕላዝም ወደ ትንሹ ኑክሊየስ ሲሻገር ሳይለወጥ የሚቀረው ብዛቱ እንጂ ክምችቱ ስላልሆነ ነው።

ቀመሩ የመጣው ኮፓሲ ከተባለው የሞዴል መሥሪያ ሶፍትዌር መስኮት ነበር፤ ከዚያ ታይቶ ወደ ፓይተን ስክሪፕት በእጅ ተገለበጠ። ኮፓሲ በአንድ ክፍል ውስጥ ላለ ምላሽ ቀመሩን በክምችት ይቀበላል፤ ወደ ኤስቢኤምኤል ሲልክ ግን በይዘቱ ራሱ ያባዛዋል። በኮፓሲ በኩል ቢላክ ኖሮ ፋይሉ ትክክል ይሆን ነበር።

የኤስቢኤምኤል ፋይሎችን ስህተት የሚፈትሸው ሶፍትዌር፣ አረጋጋጩስ፣ ለምን ዝም አለ? 0.2 ቀመሩ ውስጥ መለኪያ የሌለው ባዶ ቁጥር ሆኖ ስለተጻፈ የሚያመሳክረው አላገኘም። ቋሚው ስም ተሰጥቶት «በደቂቃ» ተብሎ ቢገለጽ፣ የጊዜው፣ የይዘቱና የሞሉ መለኪያም ቢነገር ኖሮ አለመጣጣሙን ያሳይ ነበር። ያኔም የሚመጣው ማስጠንቀቂያ እንጂ ፋይሉን የሚጥል ስህተት ስላልሆነ ብዙ ሰው ያልፈዋል። ሴልኤምኤል የተባለው ሌላ የሞዴል ቋንቋ እያንዳንዱን ተለዋዋጭ ከነመለኪያው እንዲጻፍ ያስገድዳል፤ በዚህ በኩል ጥብቅነቱ ይበጃል።

ፋይል ከመላኩ በፊት የክፍሉን ይዘት ከ1 ወደ 3.7 ቀይሮ ማስኬድ ደቂቃ አይፈጅም። ምላሾቹ በሙሉ በአንድ ክፍል ውስጥ ከሆኑና የመነሻ እሴቶቹ በክምችት ከተሰጡ፣ የክምችት ግራፉ ንቅንቅ ማለት የለበትም። ከተነቃነቀ ይዘት ያልተባዛበት ቀመር ይፈለግ። ነገር ግን ሁሉንም በጅምላ ማባዛት ሌላ ጥፋት ያመጣል፦ «ሃዝኦንሊሰብስታንስዩኒትስ» የተባለው ምልክት «እውነት» ከሆነ የፕሮቲኑ ስም ራሱ ብዛትን ስለሚወክል፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ቀላል ቀመር ማባዛት አያስፈልግም። በኤስቢኤምኤል ደረጃ 2 (በቀደመው የቋንቋው እትም) ይህ ምልክት ካልተጻፈ «ሐሰት» ተብሎ ይወሰዳል፤ በደረጃ 3 ግን መጻፉ ግዴታ ነው። ቀመሩን ከመንካት በፊት የእያንዳንዱ ፕሮቲን ምልክት ይታይ።