ገጽ በገጽ የገረጣው ቀይ ቀሚስ

ለአንድ የልጆች መጽሐፍ በኮምፒውተር በተሠሩ ሥዕሎች ላይ የገጸ ባሕርይዋ ቀይ ቀሚስ ሦስተኛው ገጽ ላይ ሲደርስ ሮዝ ሆኖ ተገኘ። በመጀመሪያ የተጠረጠረው ስክሪኑ ነበር። ፋይሎቹ በአንድ ስክሪን ላይ ጎን ለጎን ተከፍተው የቀለም ቁጥሩ ሲነበብ ግን ስክሪኑ ነፃ ወጣ።

ቀሚሱ ሲታቀድ ቀይ 200፣ አረንጓዴ 40፣ ሰማያዊ 40 ነበር። የቀሚሱ ሌየር (ሥዕሉ ከተደራረበባቸው ንብርብሮች አንዱ) ኦፓሲቲ፣ ማለትም ከሥሩ ያለውን የመሸፈን አቅሙ፣ ግን 80 በመቶ ላይ ቀርቷል፤ ከሥሩ ያለው ዳራ ደግሞ ነጭ፣ ማለትም በሦስቱም ቁጥር 255፣ ነው። ሠዓሊው ለሁለተኛው ገጽ ቁጥሩን በመጻፍ ፈንታ ቀለሙን ከመጀመሪያው ገጽ በአይድሮፐር፣ ከሥዕል ላይ ቀለም በሚለቅመው መሣሪያ፣ አነሳ። አይድሮፐሩ ሁሉንም ሌየር እንዲያነብ ስለተስተካከለ ያመጣው ከነጩ ጋር የተዋሐደውን ነው። የ200 ሰማንያ በመቶ 160፣ የነጩ 255 ሃያ በመቶ 51፣ ድምሩ 211። አረንጓዴውና ሰማያዊው በዚሁ ስሌት 83 ሆኑ። ይህ እንደገና 80 በመቶ ሌየር ላይ ሲቀባ 220፣ 117፣ 117 ሆነ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ 227፣ 145፣ 145። የቀለሙ ድምቀት፣ ማለትም ሳቹሬሽኑ፣ ከታቀደው 80 በመቶ ወደ 61፣ ከዚያ 47፣ ከዚያ 36 ወረደ። ዳራው ግራጫ ቢሆን ኖሮ ቀሚሱ ከመገርጣት ይልቅ ይደበዝዝ ነበር።

ሳቹሬሽኑን ወደ ላይ ገፍቶ በዓይን ማመሳሰል እዚህ ላይ አያዋጣም፤ ዓይን ቀለሙን የሚመዝነው ከጎኑ ካለው ጋር እያነጻጸረ ነውና እያንዳንዱ ገጽ በየፊናው ይሄዳል። የተሠራው እንዲህ ነው፦ የየገጹ ቀሚስ ሌየር ኦፓሲቲ ወደ 100 ተመለሰ፣ ባዶው ክፍል እንዳይነካ የሌየሩ ግልጽ ፒክስሎች ተቆለፉ፣ ከዚያ 200፣ 40፣ 40 በቁጥር ተጽፎ ሌየሩ በሙሉ ተሞላ። ጥላው ለብቻው በተከፈተ የመልቲፕላይ ሌየር (ከሥሩ ያለውን ቀለም የሚያጠቁር ሌየር) ላይ ስለነበር አልተነካም። በቀሚሱ ሌየር ላይ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይጠፋና ሁሉም እንደ አዲስ ይሣል ነበር።

አይድሮፐሩ የተመረጠውን ሌየር ብቻ እንዲያነብ ተቀየረ፤ የናሙናው ስፋትም አንድ ፒክስል ከመሆን ወደ 5 በ5 አማካይ ከፍ ተደረገ። አንድ ፒክስል በሸካራ ብሩሽ በተቀባ ቦታ ላይ የጎደለ ወይም የበዛ ነጥብ ይዞ ይመጣል። ከቅርጹ ጠርዝ ግን በ5 በ5ም ቢሆን ቀለም አይለቀምም፣ እዚያ ያለው ከዳራው ጋር ተቀላቅሎ የለሰለሰ ነው። የቀሚሱ፣ የቆዳውና የፀጉሩ ቀለም «ቀሚስ መሠረት»፣ «ቆዳ መሠረት» እየተባለ ስም ወጥቶለት በአንድ የፓሌት ፋይል ተቀመጠ፤ ፋይሉም በሁሉም ሠዓሊዎች ኮምፒውተር ላይ ተጫነ።