ስፔስ ባሯን ስጫን

ትናንት ማታ አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ደብረ ማርቆስ በክረምት ይኼ ብርቅ አይደለም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። የላፕቶፔ ባትሪ 23 በመቶ ይላል። እኔ ደግሞ ስድስት ሰዎቼን ይዤ የሽፍቶቹ ሰፈር ዋናው ድንኳን ውስጥ ገብቻለሁ።

የምጫወተው ባልደርስ ጌት የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን የመጀመሪያውን። በ2023 የወጣውን ሦስተኛውን የኔ ማሽን አይችለውም። አሮጌው ግን እስከ ዛሬ አልሰለቸኝም። ታናሽ ወንድሜ ኳስ ጌም ነው የሚወደው። ከኋላዬ ሆኖ ሲያየኝ "ወንድም ጋሼ፣ ይኼ በየደቂቃው ቀጥ የሚል ነገር ምኑ ይጥምሃል?" ይለኛል።

ቀጥ ማለቱ ነዋ የሚጥመኝ!

ስፔስ ባሯን ስትጫን ዓለሙ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ቀስተኛው ገመዱን እንደሳበ፣ ሽፍታው ሰይፉን እንዳነሳ። ያኔ ሰዎችህን አንድ በአንድ ታዛለህ። ጋሻ የያዘው ጠባቡ በር ላይ ይቁም። ቀስተኞቹ ከኋላው። አስማተኛው ራቅ ይበል፤ ድግምቱን ሳይጨርስ ከተመታ ይከሽፍበታል። ከዚያ ትለቀዋለህ። ሕጉ የተወሰደው ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ከሚባለው የጠረጴዛ ጨዋታ ነው። ከስር ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጣላል። ዕድል አለበት፤ ግን ሰዎችህን የት እንዳቆምካቸው ከዕድል በፊት ይመጣል።

አያቴ ቡሬ ከተማ ባለው ቤቱ፣ ጓሮው ውስጥ ገበጣ ሲጫወት አስታውሳለሁ። ጉድጓዶቹ አፈሩ ላይ የተቆፈሩ ናቸው። ጠጠር ከማንሳቱ በፊት እጁን አንጠልጥሎ በዓይኑ ብቻ ይቆጥራል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። "ቶሎ በል" የሚለው የለም። አንዴ ካነሳ ግን አይመልስም። የድሮው የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥም ደስ የሚል ነገር አለው፤ ወረራ ይባላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ ያንቀሳቅሳሉ። ተራ በተራ የሚሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ይኼን ባሰብኩ ቁጥር ጨዋታዬ ከሩቅ አገር የመጣ አይመስለኝም።

ወደ ድንኳኑ ልመለስ። አስማተኛዬ በበትሩ የእሳት ኳስ ለቀቀ። እሳቱ እስከየት እንደሚደርስ የሚያሳይህ ምልክት የለም፤ እንደ አያቴ በዓይንህ ነው የምትለካው። እኔ አልለካሁም። እሳቱ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ሁለት ሽፍቶች ወደቁ፤ ከፊት ያቆምኩት ጋሻ ጃግሬዬም አብሯቸው ነደደ። በጣም ነው ያዘንኩት። ጨዋታው ውስጥ ካለው የናሽከል የብረት ማዕድን ጉድጓድ ጀምሮ አብሮኝ የነበረ ሰው ነው፤ ሰይፉ እጁ ላይ ሲሰበር እንኳ አልሸሸም።

ባትሪው 9 በመቶ። ይኼ ጨዋታ ውጊያ መሀል ሴቭ አያደርግም። ስፔስ ባሯን ተጫንኩ። ሽፍቶቹ ቆሙ፣ ባትሪው ግን አይቆምም። የቀሩትን አምስቱን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሌባዋን ወደ ኋላ መለስኳት። ቀስተኞቹን አንድ ሰው ላይ ብቻ አነጣጠርኳቸው። ለቀቅኩት። አቆምኩት። ደግሞ ለቀቅኩት።

የመጨረሻው ሽፍታ ሲወድቅ ባትሪው 4 ላይ ነበር። ሴቭ አድርጌ ማሽኑን ዘጋሁት።

ከጨለማው ውስጥ ወንድሜ "አሸነፍክ?" አለኝ። ተኝቷል ብዬ ነበር።

"አንድ ሰው ሞተብኝ። ነገ ቤተ መቅደስ ወስጄ አስነሳዋለሁ።"

"ስትሄድ ጥራኝ" አለ።